እንዳይንቀሳቀሱብኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የበዛብኝ ይመስለኛል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ ቤት ምድር ላይ ነው፤ ስለዚህ ላለፈው ላገደመው ሁሉ ቅርብ ነኝ። በሬን የሚያንኳኳው ሰው ጉዳይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከብብቱ ትልቅ ፖስታ ያወጣል፣ ፊልሙን ይመዛል፣ በረንዳዬ ላይ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ይይዝልኛል።

«እትዬ ውባለም፣ እስኪ ይዩልኝ፤ ምን ይላል?»

«እኔ አንሺ እንጂ አንባቢ አይደለሁም» እላለሁ። «ፎቶ ያነሳህን ሰው ‹ጤናዬ እንዴት ነው?› ብለህ ትጠይቀዋለህ?»

ይስቃሉ እንጂ አይሄዱም። እኔም ዓይኔ አያስችለውምና ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። የማየው ግን በሽታውን አይደለም። ታካሚው ቀጥ ብሎ ቆሟል? ትንፋሹን ይዟል? ያነሳው ልጅ ቸኩሏል? እሱን ብቻ ነው። ከዚያ «ጥሩ ተነስቷል፤ ሐኪምህ ጋ ውሰደው» ብዬ እሸኛለሁ። እያወቀች ደበቀችኝ ብሎ የሚቀየመኝም አለ።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ኤምአርአይ ታዝዞላት በድንጋጤ መጣች። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ሳጥን ውስጥ ከተው ይከድኑብሻል፣ ጨረሩም ፀጉር ያረግፋል» ብላታለች። ያቺን ሴትዮ ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። ጎረቤቴን አስቀምጬ አስረዳኋት። ጨረር የሚባል ነገር የለውም፤ ትልቅ ማግኔት ነው። ክዳንም የለውም፤ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ጉትቻሽን፣ ሐብልሽን፣ የፀጉር ሽቦሽን፣ ሽቦ ያለውን የጡት መያዣሽን ቤት ትተሽ ሂጂ። ጹሚ ካላሉሽ በቀር ቁርስሽን ብዪ። ከመግባትሽ በፊት ሽንት ቤት ድረሺ። ሰውነትሽ ውስጥ የተቀመጠ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ካለ፣ ድሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ከሆነ፣ ሳትጠየቂም ተናገሪ። ከዚያ ተኚ፤ ተኝተሽ ደግሞ አትንቀሳቀሺ።

ተረጋግታ ሄደች። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሳ ቆየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን ሰው «እንዳይንቀሳቀሱብኝ» እያልኩ አስተኝቼ ኖሬያለሁ! አሁን ማንም የማስተኛው ሰው ስለሌለ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ነጭ ጋዋን ለብሼ እንደ ሐኪም የምከበር መስሎኝ ነበር። ሐኪሞቹ «የራጇ ልጅ» ይሉኛል፣ ታካሚዎቹ «ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም እያልኩ ማስረዳት ስጀምር ሰልፉ ስለሚረዝም ተውኩት። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ሲስተር፣ መርፌው መቼ ነው?» አሉኝ። ልቀልድ ብዬ «የኛ መርፌ የለውም አባቴ፤ እኛ በዓይን ነው የምንወጋው» ብላቸው አማትበው ወደ በሩ አፈገፈጉ። ቡዳ አደረግሁት ራሴን። ከዚያ በኋላ ራጁን እስኪነሱ ድረስ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም።

ያን ቀን እንባው እስኪወርድ የሳቀብኝ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ታፈሰ ነው። ጋሽ ታፈሰ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋኑ ጉልበቱ ላይ የማይደርስለት ሰው ነበር። ራጅ ያን ጊዜ በፊልም ነው። ጨለማ ክፍል ገብተን ፊልሙን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እያዘዋወርን እናጥባለን፤ ከዚያ እንደ ልብስ አስጥተን እናደርቃለን። ጣቶቻችን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸቱ ስለነበር ቤት ስገባ እናቴ ሰላጣ ሠርቼ የመጣሁ ይመስላት ነበር።

ጋሽ ታፈሰ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ ጫማውን ያወልቅና ራሱ አልጋው ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ሳየው የታመመ መስሎኝ ሮጥኩ።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?»

«ጣሪያውን እያየሁ ነው» አለኝ ሳይነሳ። «ታካሚው አንቺን አያይም፤ የሚያየው ጣሪያውን ነው። የሸረሪት ድር ካየ ‹የማይጸዳ ቤት ገባሁ› ብሎ ይሰጋል። የሰጋ ሰው ይንቀጠቀጣል። የተንቀጠቀጠ ሰው ደግሞ ፊልም ያበላሽብሻል።»

ይህን ብሎ ተነሳ፣ መጥረጊያ አመጣና ድሩን ጠረገው። ጽዳት ሠራተኛ አልጠራም።

ሌላው አመሉ ትንፋሽ ነው። ታካሚውን «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ» ካለ በኋላ እሱም አብሮ ይይዛል። ከመከላከያው ግድግዳ ጀርባ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሞ ሳየው ሳቅ ያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን የምሩን ነው። «ራስሽ ያልቻልሽውን ሌላውን ቻል አትበዪው» ይለኛል። ይህ አመል ተጋብቶብኝ ጉንፋን በያዘኝ ሰሞን ታካሚዎቼ ሁሉ አጠር አጠር ያለ ትንፋሽ ነበር የሚይዙት። በክረምት ደግሞ ፊልሙ የሚገባበትን ብረት ሰው ደረት ላይ ከማድረጉ በፊት ጋዋኑ ውስጥ ከትቶ ያሞቀዋል። ሐኪሞች ላይ ግን ምሕረት የለውም። የማዘዣ ወረቀት ላይ «ደረት» ብቻ ተጽፎ ከመጣ ይዞት ይሄድና «ደረቱ ምን ሆነ? ሸሚዝ ጠበበው?» ብሎ ያፋጥጣቸዋል።

ከሁሉ ያስቀናኝ የነበረው አስታማሚ አያያዙ ነው። እኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። አንድ ሰው እጁን ቢሰበር ሰፈሩ አብሮት ይመጣል፤ ሁሉም ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ካልገባሁ ይላል። እኔ እጮህባቸው ነበር። ጋሽ ታፈሰ አይጮህም፤ ሥራ ይሰጣቸዋል። «አንተ ጫማውን ያዝ። አንቺ ነጠላዋን ያዢ፣ መሬት እንዳይነካ። አንተ እዚያ በሩ ጋ ቁም፣ ሰው እንዳይገባ አደራ።» ሁሉም አደራውን ይዞ ተሰልፎ ይወጣል። ታካሚው ያኔ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን ሲቀር ነው ሰው ያለበትን የሚናገረው።

ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ተከፍቶ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የተሻለ ነው፤ ወረቀቱም እንደዚያው የበዛ። ጋሽ ታፈሰም ብዙ ሳይቆይ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። እኔ ከፊልም ወደ ኮምፒውተር፣ ከራጅ ወደ ሲቲ ስካን ተሻገርኩ። በመጨረሻ ያ ማግኔት መጣ።

ሲገባ ማየት ነበር! ግድግዳ ፈርሶለት፣ በክሬን ተንጠልጥሎ ነው የገባው። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው፣ የየግቢው ጥበቃዎች በር ትተው ያዩ ነበር። ማግኔቱ አንዴ ከተነሳ አይተኛም፤ መብራት ቢጠፋም እሱ አለ። በአዲስ አበባ መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። አለቃችን ይህን በጆሮው ሰምቷል፣ በልቡ ግን አላመነም። አንድ ቀን አማቶቹን ማሽኑን ሊያሳይ ይዟቸው መጣ። እኔ «ጋሼ፣ ኪስዎ!» ብዬ ሳልጨርስ የቁልፍ ዘለላው ከኪሱ ወጥቶ በሮ ቱቦው ውስጥ ተለጠፈ። አማቶቹ አጨበጨቡ። የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ነው።

ማንንም ከማስገባቴ በፊት እኔ ልተኛበት አልኩ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ስለዚህ እኔ ነኝ። ጭንቅላቴ ላይ የወፍ ጎጆ መሳይ ነገር ገጠሙልኝ፣ ጆሮዬን ሸፈኑልኝ፣ እጄ ላይ የጎማ ኳስ አስጨበጡኝ። ኳሱ ሲጨመቅ ውጭ ላለው ሰው ይደውላል። አልጋው ሲገባ አፍንጫዬና ጣሪያው ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ድምፁ ጀመረ። ብረታ ብረት ቤት በር ላይ የተኛሁ መሰለኝ፦ መጀመሪያ መዶሻ፣ ቀጥሎ መሰርሰሪያ፣ ከዚያ ዝም፣ ደግሞ መዶሻ። ሁሉንም ቻልኩት። ያልቻልኩት አፍንጫዬን ሲያሳክከኝ ነው። መንካት አይቻል፣ መርሳት አይቻል! ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋውን ከማስገባቴ በፊት ለሁሉም ሰው «አሁን አፍንጫዎን ይከኩ» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ያክካሉ፣ ዘና ብለው ይገባሉ።

ብረት ማስወለቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማተቡ ላይ መስቀል ያሰረ ሰው «ማተቤን አልበጥስም» ይላል፤ ልክ ነው። ክሩ ይቆይ፣ ብረቱን ብቻ ይስጡኝ እላለሁ። አንዲት እናት እሺ ብለው መስቀላቸውን ፈቱ። ስማቸውን ስጠይቃቸው ግን አፋቸው ሙሉ ሆኖ ይንተባተባሉ። ለካ ምላሳቸው ሥር ከተውታል! የሚያድናቸው መስቀሉ ነው፤ እኔ ግን በዚያ መንገድ እንዲያድናቸው ስላልፈለግሁ ለምኜ አስተፋኋቸው።

በዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል አንድ ሽንፈት አለኝ። እሱን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ዋጋ የለውም።

አባባ ይመር የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ በስተርጅና ከባለቤታቸው ከእማማ ዘይነብ ጋር ሲኤምሲ ሱቅ ያላት ልጃቸው ሰዓዳ ዘንድ ገብተዋል። እኛ ጋ ሲመጡ ወገባቸውን ይዘው ነው። እግራቸው መደንዘዝ ጀምሯል፤ ቀኝ ጫማቸው በመንገድ ቢወልቅ እንኳ አይታወቃቸውም። የላካቸው የአከርካሪ ሐኪም ለሰዓዳ በግልጽ ነግሯታል። ነርቩ ተጨፍልቋል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ የኤምአርአዩን ምስል ሳያይ ግን ቢላዋ አያነሳም። ከዘገየ እግራቸው ላይመለስ ይችላል።

ሰዓዳ ይህን ለአባቷ አልነገረችም። መርዶም በሽታም እኛ ዘንድ በጓሮ በር ነው የሚገባው። እንዳይደነግጡባት «ወገብህን የሚያሽ ማሽን ነው» ብላ ነው ያመጣቻቸው። ይህንንም በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ። እኔም እንደ ደንቡ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ሰውነታቸው ውስጥ ብረት አለ?»

«የለም» አለች ሰዓዳ።

«ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ። ጭኑ ላይ የቆየ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው፤ መኪና ሲያነሳ ክሪክ ተፈናጥሮ መቶት ነው።»

ወደ አባባ ይመር ዞር አልኩ። መሬት መሬት እያዩ «እሷ እንዳለችው ነው» አሉ። ልጅ ስትናገር አባት ዝም ማለቱን ጨዋነት አድርጌ ወሰድኩት። እኛ አገር ሽማግሌ የሚመጣው በልጁ አፍ ነው፤ እኔም በልጃቸው አፍ ተቀብዬ አስገባኋቸው።

ድምፁ ከጀመረ ገና ብዙም ሳይቆይ ደወሉ ጮኸ። ሮጬ ገብቼ አወጣኋቸው። ላብ በላብ ሆነዋል። በመስታወቱ ወዲያ ሰዓዳ፣ እማማ ዘይነብና አብረው የመጡት ጎረቤቶች ተደርድረው ያያሉ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

መስታወቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ሞቀኝ» አሉ። «በቃኝ። ማሻውም ይቅርብኝ።»

«ፈርተህ ነው አባዬ?» አለች ሰዓዳ ልታባብላቸው። ጎረቤቶቹም ተቀብለው «አይዞዎት፣ አይፍሩ፣ ሕፃን እንኳ ይገባበታል» እያሉ ከበቧቸው። ያን ሁሉ ገደል በሌሊት ሲያቋርጡ የኖሩ ሾፌር ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ሰው መፍራቱ ለኔ አዲስ አይደለም፤ ስንቱን አባብዬ መልሻለሁ። እሳቸውን ግን መመለስ አልቻልኩም። ሰዓዳ ሱቋን ዘግታ እየመጣች ታለቅስብኛለች። አንድ ጊዜ ምርኩዝ ያዘ አለችኝ። ሌላ ጊዜ ስትመጣ ተሽከርካሪ ወንበር ልትገዛ ነበር። ሐኪሙም ጊዜው እያለቀ መሆኑን ደጋግሞ ነግሯታል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ራሴንም ጠላሁት። እግር የሚያህል ነገር ከእጄ እያመለጠ ነው፣ ምክንያቱን ግን አላወቅሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። የፈራ ሰው «ታፈንኩ» ወይም «ጨነቀኝ» ይላል፤ እጁም ደረቱ ላይ ነው። እሳቸው ያሉት «ሞቀኝ» ነው። ስናወጣቸው የያዙት ደግሞ ደረታቸውን አልነበረም፤ ጭናቸውን ነው። ይህን ለራዲዮሎጂ ሐኪማችን ለዶክተር ዮናታን ነገርኩት። «እንዲመጡ አድርጊ። ማሽኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰውየውን አናግሪያቸው» አለኝ። ለሰዓዳ ደወልኩላት፤ በዚህኛው እንዳትዋሺያቸው ብዬም አስጠነቀቅኋት።

በወንበር እየተገፉ መጡ። ቀኝ እግራቸው ከመርገጫው እየወደቀ ሰዓዳ ደጋግማ ታነሳላቸዋለች። ያኔ ጋሽ ታፈሰን ሆንኩ። «ሰዓዳ፣ አንቺ ታች ወርደሽ ካርዳቸውን አውጪልኝ። እማማ ዘይነብ፣ እርስዎ ደግሞ የባለቤትዎን ኩታና ኮፍያ ይዘው እዚያ ይቀመጡልኝ፤ አደራ እንዳይጠፋ።» ሁለቱም አደራቸውን ይዘው ወጡ። በሩን ዘግቼ ከአባባ ይመር ፊት ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይኼ ማሻ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ወገብ ለመታሸት ማን ይፈርማል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ነርቩን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ሐኪሙ ምስሉን እንደሚጠብቅ፣ ከዘገዩ እግራቸው ላይመለስ እንደሚችል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እግሬ እንደሚቀር ማንም አልነገረኝም» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነገርኩዎ። አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ። ጭንዎ ውስጥ ምን አለ?»

ወደ በሩ አዩ። «ዘይነብ ትሰማለች?»

«አይሰሙም፤ በሩ ወፍራም ነው።»

«ክሪክ አይደለም» አሉ። «የፈንጂ ፍንጣሪ ነው።»

በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ የሚነዱት የጦር መኪና ፈንጂ ረግጦባቸዋል። ሐኪሞች የቻሉትን ፍንጣሪ አውጥተው አንዱን ጥልቅ ነው ብለው ተውት። ተሰናብተው አገራቸው ሲገቡ ዘይነብን አዩ፣ ወደዱ። የዘይነብ ሁለት ወንድሞች ግን ዘምተው አልተመለሱም። «ወታደር ከማገባ ቆሜ ብቀር ይሻለኛል» ትል እንደነበር አገር ያውቃል።

«ሾፌር ነኝ አልኳት። ወላሂ ውሸት አይደለም፤ ሾፌር ነበርኩ። ያልነገርኳት መኪናው የማን እንደሆነ ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ጠባሳውን ስታይ ክሪክ ነው አልኳት። አንዴ ክሪክ ካልኩ በኋላ ወዴት ልመለስ? ልጆቹ ተወለዱ፣ ‹አባዬ የክሪኩን አጫውተን› ይሉኛል። ስጨምርበት ስጨምርበት ክሪኩ ከመኪናው በለጠ።»

«ማሽኑ ውስጥስ ምን ተሰማዎት?»

«እሳት ነገር ተላወሰብኝ። ወጥቼ ልናገር ስል ሁሉም መስታወቱ ላይ ተደርድረዋል። ፈሪ ቢሉኝ ይሻላል አልኩ።»

ብረቱ ሌላ ቦታ ቢሆንስ? ይሉኝታ ይዟቸው ደወሉን ሳይጫኑ ቢቀሩስ? ድንጋጤዬ ወደ ቁጣ ዞረና «አባባ! ለክሪክ ብለው እግርዎን ሊሰጡ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

ወደ ራጅ ክፍል ወሰድኳቸው፤ ወደ ድሮ ቤቴ። ጭናቸውን ከፊትና ከጎን አነሳሁት፤ ፍንጣሪ እዚያም ገብቶ ከሆነ ማግኔቱ ያንቀሳቅሰዋልና ዓይናቸውንም ለጥንቃቄ። ዓይናቸው ነፃ ነው። ጭናቸው ውስጥ ግን የተቆረጠ ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ፍንትው ብላ ወጣች። ዶክተር ዮናታን አያት፣ ለአከርካሪ ሐኪሙ ደወለ፣ ተማከሩ፣ ደግሞ አያት። ከዚያ ሰዓዳ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች እሱ ግን ወንበር ስቦ አባባ ይመር ፊት ተቀመጠ።

«አባባ፣ ፍንጣሪዋ ጡንቻ ውስጥ ናት፣ ከትልቁ የደም ሥር ርቃለች፣ ስለከረመችም ሥጋው ይዟታል። እንደገና ልትሞቅ ትችላለች፤ አደጋ ታመጣለች ብዬ ግን አላስብም። ሌላ ምርመራ አለ፣ ነርቩን ግን እንደ ኤምአርአዩ አያሳየንም። እየቆምን እየጠየቅንዎት ልናነሳዎት እንችላለን። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«እርስዎን ነው።»

አባባ ይመር ቀና አሉ። «እንግዲያው አስገቡኝ። አስቀድሜ ግን ዘይነብን ላናግራት።»

እማማ ዘይነብ ኩታውን እንዳቀፉ ገቡ። ልወጣላቸው ብነሳ አባባ ይመር በዓይናቸው ለመኑኝ፤ ብቻቸውን መቅረት የፈሩት ያኔ ነው። ሁሉንም ነገሯቸው። እማማ ዘይነብ ኮፍያውን አገላበጡት።

«ክሪክ ነው ያልከኝ።»

«አዎ።»

«ያኔ ብትነግረኝ አላገባህም ነበር።»

«አውቃለሁ ዘይነብ።»

የኮፍያውን አቧራ እፍ አሉና ባላቸው ራስ ላይ ሊያደርጉላቸው ሲሉ ገና ማሽኑ ውስጥ እንደሚገቡ አስታውሰው መልሰው ያዙት። «እንኳን ዋሸኸኝ!» አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው «የቀረውን ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አሏቸው። አባባ ይመር ከማግኔቱ ይልቅ ይህቺ ያስፈራቻቸው መሰለኝ።

«አፍንጫዎን ይከኩ» ብዬ አስገባኋቸው። አንዱ ዙር በጨረሰ ቁጥር በማይክሮፎኑ እጠይቃለሁ።

«አባባ፣ ሙቀት አለ?»

«ለብ ብሏል፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ።»

ዶክተር ዮናታን ቆም እንድናደርግ ይነግረኛል፤ ጥቂት ይቀዘቅዛል። «እንቀጥል?»

«ንጂው!»

ሌላው ዙር ሲያልቅ ደግሞ «ይኼ ሞተር ቫልቩ ይመታል፤ መካኒክ አሳዩት» አሉን። ቀጣዩን ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር መኪና ነው አሉ። ለወገብ ምርመራ ትንፋሽ መያዝ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ሳይታወቀኝ እየያዝኩ ዶክተሩ «ተንፍሺ እንጂ» አለኝ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አከርካሪያቸው ተዘርግቶ መጣ፤ የተጨፈለቀው ነርቭ ልቅም ብሎ ይታያል። አልተንቀሳቀሱም። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ሐኪሙ ነርቩን አስለቅቄዋለሁ፤ እግሩ መመለስ አለመመለሱን ግን ጊዜ ነው የሚነግረን አለ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የኔም ጡረታ ደረሰ፤ ወረቀቴን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስሸከም ሰነበትኩ። ልለቅ ሳምንት ሲቀረኝ፣ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ በቆመበት ቀን፣ ሰዓዳ በደረጃው ብቅ አለች። ፊቷን አይቼ መልሱን ለማግኘት ሞከርኩ።

«ሰዓዳ! አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«እኔን ምን ያደርጉኛል?» አለች ወደ ታች እያመለከተች። «ያው እየመጣ ነው፤ እሱን ይጠይቁት።»

ወደ ደረጃው ሮጥኩ። አባባ ይመር አንደኛውን ፎቅ አልፈው መሃል ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘዋል። እማማ ዘይነብ ከኋላ ናቸው፤ አልደገፏቸውም።

«አባባ ይመር! እንዴት ነዎት?»

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ዳገት ላይ ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው።»

ቀኝ እግራቸውን አነሱና የሚቀጥለውን ደረጃ ረገጡ።